«ጥፋት»፣ «ግድፈት»፣ «ብቃት»፦ በማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች የዲሲፕሊን ክስ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በሥራው ምክንያት ሲከሰስ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። አንደኛው «በመሥሪያ ቤቱ ላይ ምን አጠፋ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከእንግዲህ የሰው ችግር በአደራ ሊሰጠው ይገባልን?» የሚል ነው። በአማርኛ የምንገለገልባቸው የዲሲፕሊን ቃላት ከሞላ ጎደል ለመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ የተበጁ ናቸው። ተርጓሚዎችም የውጭ አገር ሰነድ ሲመልሱ የሁለተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው ቃላት ያለብሱታል። ነቀፌታችን በዚህ ላይ ነው።

ከባለሙያው መጠሪያ እንጀምር። «ማኅበራዊ ሠራተኛ» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም በወረቀት ላይ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በከተማ አማርኛ «ሠራተኛ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያገለግል ነው። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር ደጅ አንኳኩቶ «ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ» ያለ ወጣት «ሠራተኛ አልፈለግንም» ቢባል አይፈረድም። ቢሮዎች የመረጡት «የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ» ይሻላል፤ ሆኖም የሥራ መደብ መጠሪያ እንጂ የሙያ ስም አይደለም። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ እስከ 2004 ድረስ አልተመለሰም። በእነዚያ ሠላሳ ያህል ዓመታት ለሙያው ቃል ያወጣለት ቢሮው ነበር። ሐኪምና ጠበቃ ፈቃድ የሚሰጣቸውና የሚነሣቸው አካል አላቸው፤ ለዚህ ሙያ ግን እንዲህ ያለ በሕግ የቆመ መዝገብ የለም።

ስለዚህ ባለሙያው የሚዳኘው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ቁጥር 77/1994 መንገዱን እንዲህ ቀይሶታል፦ ክስ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ማስረጃ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። አዋጅ ቁጥር 515/1999 ስድስት ቅጣቶችን ደርድሯል፤ እነርሱም የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ፣ እስከ ሁለት ዓመት ከደረጃ ዝቅ ማድረግና ከሥራ ማሰናበት ናቸው። ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ ቢያወጡም፣ የ1999ኙም አዋጅ በ2010 ዓ.ም. ቢተካም፣ ቃላቱ በቢሮ አማርኛ ጸንተው ቀርተዋል።

«ዲሲፕሊን» የሚለውን የባዕድ ቃል አንቃወምም። «ሥነ ሥርዓት»ን የፍርድ ቤት ሕጎች ወስደውታል። «ተግሣጽ»ም በግእዝ ሰፊ ቃል ነበር፤ የመጽሐፈ ምሳሌ ሁለተኛ ክፍል እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ወደ ቃል ወቀሳ ጠቧል።

የምንቃወመው «ጥፋት» ሁሉን ጠቅልሎ መያዙን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር የአንድ ልጅ ጉዳይ ለአንድ ባለሙያ ተመራ እንበል። ባለሙያው ልጁን ሁለት ወር አልጎበኘም፤ በመዝገቡ ግን እንደ ጎበኘ ጻፈ። በቢሮው አማርኛ ይህ የሥራ ግዴታን አለመወጣትና ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው፤ የተበደለውም መሥሪያ ቤቱ ነው። ልጁ በክሱ ውስጥ ቢገኝ ምስክር ሆኖ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ወራት የደረሰበት የክሱ ፍሬ ነገር አይሆንም። ቅጣቶቹንም እንይ፦ ከማስጠንቀቂያዎቹ በቀር የሚነኩት ደመወዝን፣ ደረጃንና መደብን ነው፤ ሙያውን የሚነካ የለም። የተሰናበተው ሰው ሐይቁን ተሻግሮ ጎርጎራ ላይ በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቢቀጠር፣ ሌላ ልጅ በእጁ ይገባል። በአንጻሩ ምንም ሳያጠፋ በሕመም ወይም በሥራ ብዛት አቅሙ የዛለ ባለሙያ «ጥፋተኛ» ከመባል በቀር ሌላ ስም አልተዘጋጀለትም።

እዚህ ላይ «ግድፈት» ይረዳናል። በንባብ ቤት ግድፈት ተማሪው ሲያነብ፣ ጸሐፊውም ሲገለብጥ የሚዘልለው ነው፤ ጾም ለፈታም «ገደፈ» እንላለን። መደረግ ሲገባው ያልተደረገን ሥራ «የሙያ ግድፈት» ማለት ተገቢ ነው። ባለጉዳይን መጠቀሚያ ማድረግን ግን በዚህ ለስላሳ ቃል መሸፈን አይገባም፤ «እምነት ማጉደል» የሚለው የወንጀል ሕግ ቃል ለዚያ ይቅረብ።

«ከሳሽ»ም እንዲሁ ያሳስታል። በጣና ዳርቻ፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ፣ ክስ ባለቤት አለው፤ ሽማግሌ ገብቶ «ለእግዜር ብለሽ ተዪው» ሲላት ከሳሿ ክሷን ታነሣለች። የሙያ ዳኝነት የሚጠብቀው ግን ነገ የሚመጣውን ባለጉዳይ ስለ ሆነ የእናቲቱ ዕርቅ ነገሩን አይዘጋውም። «ጠቋሚ» አይሆንም፤ ስሙ ከከፋ ሰንብቷል። «አቤቱታ አቅራቢ» ቢረዝምም ይሻላል። ለምርመራው «አውጫጭኝ»ን የሚያቀርብ ቢኖርም አንስማማም፤ አውጫጭኝ ያልታወቀ አድራጊን ለማግኘት ነዋሪው የሚሰበሰብበት ነው፤ እዚህ ግን ሰውየው ታውቋል፤ ያልታወቀው ሥራው ምን እንደ ነበር ነው።

የተርጓሚው ፈተና የሚብሰው በእንግሊዝ ሰነዶች ላይ ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የሙያውን መዝገብ የሚይዘው ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ፣ አቤቱታ ሲቀርብለት ከቀጣሪው ተለይቶ ይመረምራል፤ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ሥራውን በቅድመ ሁኔታ ማሰር፣ ለጊዜው ማገድና ከመዝገብ መሰረዝ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «እገዳ» እና «ስንብት» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። በእኛ አሠራር እገዳ ምርመራው እስኪያልቅ የሚወሰድ እርምጃ እንጂ ከስድስቱ ቅጣቶች አንዱ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔ ለሆነው «ለተወሰነ ጊዜ ከሙያ ማራቅ»፣ ለመጨረሻው «ከሙያ መዝገብ መሰረዝ» እንላለን።

የዚያ ሥርዓት መነሻ ባለሙያው ዛሬ ለሥራው የተገባ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ለዚህ ከ«ብቃት» የተሻለ ቃል አላገኘንም፤ ችሎታንም ጠባይንም አንድ ላይ ይይዛልና። ይሁን እንጂ አንድ ችግር አለበት። በደሴቶቹ ገዳማት «የበቁ አባት» ሲባል ከማዕርግ መድረስ ነው፤ የበቃን ሰው ዳግም መመርመር ለጆሮ ይከብዳል። «ወቅታዊ የሙያ ብቃት» ብንል ነገሩ ይቃናል፤ ምንም እንኳ «ወቅታዊ» ጋዜጣው ያሰለቸን ቃል ቢሆንም።