የሙላቱ አስታጥቄ ሸክላዎች እና የትንፋሽ መሣሪያዎች ድርሻ

ሙላቱ አስታጥቄ በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ጅማ የአጋሮ፣ የሊሙና የጌራ ቡና የሚሰባሰብባት የንግድ ከተማ ናት። ቤተሰባቸው ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ ዌልስ ሊንድስፋርን ኮሌጅ ላካቸው፤ እዚያ ግን ትራምፔት አነሡ። ከዚያ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ተማሩ፤ ዋና መሣሪያቸው ቫይብራፎን የሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ትራምፔቱን ቢተዉትም የትንፋሽ መሣሪያ ነፊ ጆሮ ከእርሳቸው አልተለየም። የሸክላዎቻቸው ጥንካሬ በይበልጥ የሚገኘው የትንፋሽ መሣሪያዎች በተቀናበሩበት አኳኋን ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ በትንፋሽ መሣሪያ የተጀመረ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ። በኋላም ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያሠለጠኗቸው ሙዚቀኞችም የዚሁ ውርስ አካል ናቸው። በእነዚህ ትልልቅ ባንዶች ውስጥ የትራምፔትና የሳክስፎን ሰልፍ ዘፋኙን ያጅብ ነበር፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ገብቶ ይመልስለት ነበር። ቀዳሚው ግን ሁልጊዜ ዘፋኙ ነበር።

ሙላቱ የለወጡት ይህን ሥርዓት ነው። በኒው ዮርክ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው ሁለቱ የ«አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች ሙከራ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው ዜማ በላቲን ምት ላይ ተቀምጧል እንጂ ከምቱ ጋር አልተዋሐደም። ውሕደቱ በ1972 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ይሰማል። የሠርግ ዜማው «ኩሉን ማን ኳለሽ» እዚያ ያለ ዘፋኝ ቀርቧል፤ የዘፋኙን ቦታ የያዙት መሣሪያዎቹ ናቸው።

የአቀናባሪው ችግር ግልጽ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይቆማሉ፤ የጃዝ ስምምነት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይጠቀማል። ለእያንዳንዱ የዜማ ድምፅ ሙሉ ስምምነት ከተሰጠው ቅኝቱ ይሟሟል፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። የሙላቱ መፍትሔ መቆጠብ ነው። ቤዝ ጊታሩ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይይዛል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከቅኝቱ ሳይወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዜማውን በኅብረት እየነፉ ያልፋሉ። ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ድምፆች የሚያመጡት ቫይብራፎኑና ኪቦርዱ ናቸው፤ እነርሱም በጥቂቱ፣ እንደ ቀለም ብቻ። በ«የከርሞ ሰው» ላይ ይህ አሠራር ከሁሉም ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል። ስሙን ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር የሚጋራው ይህ ሥራ ሌላ ምንም ባይቀር እንኳ ለአቀናባሪው ታላቅነት በቂ ማስረጃ ነበር።

ከአዲስ አበባ ቅጂዎቻቸው ብዙዎቹ የዐምሐ እሸቴ የሸክላ ድርጅት ውጤቶች ናቸው። ዐምሐ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ ነበርና እርምጃው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ትልቁን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አስተናገዱት፤ ከባንዱም ጋር ተጫወቱ። በዓመቱ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ታተመ። አልበሙ የአብዮቱን ወር ስም ይዟል፤ አብዮቱ ያመጣው የሰዓት እላፊ ግን ይህ ሙዚቃ የሚኖርበትን የምሽት ሕይወት አጠፋው። ዐምሐም አገር ለቀቁ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 4ኛ ቅጽ የተበታተኑትን ቅጂዎች ሰበሰበ፤ የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሰማቸው። ከዚያ በኋላ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የተሳተፈበት «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚህ ሥራ የትንፋሽ ሰልፉ ሰፍቷል፤ ድምፁም ጠርቷል። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ እ.ኤ.አ. ጭር ያለ ውጥረት ግን ላልቷል፤ ብዙ ነፊ ሲኖር ዝም የሚል ያንሳል።

የጅማ ዜማ በሥራዎቻቸው ይሰማል ወይ የሚለው ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል። የትውልድ ከተማቸው ስም በየሕይወት ታሪኩ ቢጠቀስም በቀደሙት ሸክላዎች ጎልተው የሚሰሙት የወሎና የሰሜን ቅኝቶች እንጂ የጅማ ዙሪያ የኦሮሞ ዜማ አይደለም። ሙላቱ ራሳቸው ስለ ደቡብ ሲናገሩ ደጋግመው የሚያነሡት የደራሼ ሕዝብን የቀርከሃ ዋሽንቶች ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ በተራ በመንፋት ዜማውን በጋራ የሚገነባበትን ሥርዓት። የእርሳቸው የትንፋሽ ቅንብር ከኤሊንግተን ይልቅ ወደዚህ ይቀርባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ክራርና ማሲንቆን ከጃዝ መሣሪያዎች ጎን ሲያሰልፍም ይኸው መርሕ ይሠራል፤ ማንም ዜማውን ለብቻው አይጨርስም።