«አቀጣጣይ» ወይስ «ማፋጠኛ»?

«ካታሊስት»ን «አቀጣጣይ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ትርጉሙን አንቀበለውም። እሳት የሚያቀጣጥለው ጭራሮ ራሱም አብሮ ይነዳል፤ ካታሊስት ግን የኬሚካሉን ለውጥ አፋጥኖ ሳያልቅ ይቀራል። ወርቅ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ፣ በብረት ኦክሳይድና በመሰሎቹ ላይ የተጫኑ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ከኦክስጅን ጋር እንደሚያዋህዱ አሳወቁ። በዚያ ቅዝቃዜ ምን ይቀጣጠላል?

«አፋጣኝ»ም ቢሆን «አፋጣኝ እርዳታ» ከሚለው ጋር ይምታታል፤ «አፋጣኝ ወርቅ» የሚል ያነበበ ሰው ለችግረኛ የተላከ ወርቅ ይመስለዋል። «ማፋጠኛ»ን እንመርጣለን። እንደ «መጥረቢያ» የመሣሪያ ስም ነውና፣ እንጨቱ ተፈልጦ ሲያልቅ መጥረቢያው ይቀራል።

ከዚህ የባሰው ወርቁ የሚጫንበትን ቀዳዳማ ሲሊካ «የተሻሻለ ሲሊካ» ማለት ነው። ሲሊካ ብቻውን ወርቅ አጥብቆ አይዝም፤ ቅንጣቶቹ ተገናኝተው እንዳይገዝፉና ኃይላቸው እንዳይደክም በገጹ ላይ አሚን ወይም ድኝ ያለባቸው የአቶም ቡድኖች ይተከሉበታል። ገጹ ተለወጠ እንጂ ተሻሻለ አልተባለም፤ መሻሻሉን የሚፈርደው ሙከራው ነው። ስለዚህ «ገጸ ልውጥ ሲሊካ» እንላለን።