መርፌ የማይወጋው ባለ ዲግሪ

የሕብረተሰብ ጤና ተምሮ የተመረቀን ልጅ ጎረቤት ሲቀበለው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ‹‹እንኳን ደስ ያለህ! በል እስቲ ደም ግፊቴን ለካልኝ›› ይሉታል፡፡ የተማርኩት ሰው እንዳይታመም መከላከል ነው ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር፣ ‹‹ታዲያ ዶክተር የምትሆነው መቼ ነው?››

ጎረቤት ላይ መፍረድ ቀላል ነው፡፡ እኔን የሚከነክነኝ አስተማሪው ወገን ነው፡፡ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙያውን የሚያስተምረው በቡድን ነበር፡፡ የጤና መኮንኑ፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ገጠር ይወርዳሉ፡፡ መጸዳጃ ማስቆፈርና ምንጭ ማጎልበት የትምህርቱ አካል እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አልነበረም፡፡

ዛሬም ተማሪ መስክ ይወጣል፤ አይወጣም አልልም፡፡ ግን በአብዛኛው የማየው መጠይቅ ይዞ ሲዞር ነው፡፡ ‹‹ሽንት ቤት አላችሁ? የት ትታጠባላችሁ?›› መልሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፣ ሠንጠረዥ ይሆናል፣ ይጠረዛል፣ ማርክ ይሰጠዋል፡፡ ሰፈሩ ግን እንደነበረ ነው፤ ሕፃናቱም በዚያው ውሃ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፡፡ (የራሱ የተማሪው ግቢስ? አንዱ ጋ ‹‹እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ›› የሚለው ወረቀት የተለጠፈው ከደረቀ ቧንቧ በላይ ነው፡፡)

ከመመረቂያ ጽሑፉ ማርክ ገሚሱ ውጤቱን ወስዶ ለሰፈሩ ሰው ለማስረዳት፣ አንዲት ምንጭም ብትሆን አብሮ ለማጠር ቢሰጥ ምን ይጎዳል? አንዲት እናት ‹‹አምናም መጥተው ጠይቀውን ነበር፤ መልሳችንን ይዘው ቀሩ›› ብለውኛል፡፡