ጀርባው ሳይከፈት አይፈረድም

ከፊት ሲታይ ሁሉም ያምራል። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን መልክ የያዘ የእጅ ሰዓት ቤት ተቀምጦ መገጣጠም ዛሬ ያን ያህል አይከብድም፤ ማሽኑ ለብቻ፣ ቀፎው ለብቻ፣ ፊቱና ቆጣሪዎቹም ለብቻ ይሸጣሉ። ሰፊ ቦታም አይጠይቅም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለች አንዲት ስቱዲዮ፣ ብርሃን የሚያስገባ መስኮትና እስከ ደረት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ካላት ትበቃለች። ከዕቃው ይልቅ የሚጎድለው ዓይን ነው፤ በደንብ የተሠራውን ለመታየት ብቻ ከተሠራው የሚለይ ዓይን።

ፍርዱ ከማሽኑ ይጀምራል። በትርፍ ጊዜያቸው ሰዓት ከሚሠሩ ሰዎች ጠረጴዛ ሁለት ማሽኖች አይጠፉም። አንዱ የሴኮው ኤንኤች35 ነው፤ አውቶማቲክ፣ ባለ 24 ድንጋይ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ የሚመታ። ሌላው የስዊሱ ዩኒታስ 6497 ነው፤ መጀመሪያ ለኪስ ሰዓት የተነደፈ፣ 36.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በእጅ የሚሞላ፣ ባለ 17 ድንጋይ። የቻይናው ሲጋል የዚህኑ ቅጂ በርካሽ ያወጣል። የድሮ መልክ ለሚፈልግ ሁለተኛው ይሻላል። ክፍሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ጀማሪ እጅ ይችላቸዋል፤ የሚሽከረከር ክብደት ስለሌለውም ጀርባው ሲከፈት ሥራው ሁሉ ይጋለጣል። አዋቂ ሠሪ እዚህም ላይ ይለያል። የ6497 ትንሿ ሰከንድ ቆጣሪ የምትውለው በግራ በኩል ነው፤ የመንትያው የ6498 ግን እንደ ድሮዎቹ የእጅ ሰዓቶች ታች ነው። የአያቶችን ሰዓት መልክ አስቦ የተነሣ ሰው 6498ን ከመረጠ የሚሠራውን ያውቃል።

ጀርባው ሲከፈት ዓይን በመጀመሪያ ብሎኖቹ ላይ ይረፍ። የብሎኑ ስንጥቅ ጠርዙ ተበልቶ፣ ጭንቅላቱም ተጭሮ ከተገኘ ሠሪው ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ ተጠቅሟል። የሰዓት ካቻቪቴ አፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ጀምሮ በየልኩ ይመጣል፤ ታዋቂው የስዊስ መሣሪያ አምራች ቤርዦን ልኮቹን በቀለም ይለያቸዋል። ጥሩ ሠሪ ግን የገዛውን እንዳለ አያነሣውም። አፉን በመሳያ ድንጋይ እየሳለ የስንጥቁን ወርድና ውፍረት ሞልቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ያልተሳለ ውድ ካቻቪቴ ከተሳለ ርካሽ የበለጠ ያበላሻል፤ መሣሪያ በመደርደር የሚኮሩ አማተሮች ይህን መስማት አይወዱም።

ቀጥሎ አቧራና ዘይት። የበጋ አቧራ በጀሞም ሆነ በሌላው አዲስ አበባ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ መስኮት ተዘግቶ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መንገድ ዳር የመስታወት ሣጥን ዘርግቶ የሚውል ሰዓት ጠጋኝም ሆነ ቤቱ የሚሠራ አማተር አንድ ፈተና አላቸው፤ የተከፈተውን ማሽን ትተው ሲነሡ ብርጭቆ ይደፉበታል ወይስ እንደ ተገለጠ ይተዉታል? ዘይት ደግሞ ሲበዛ ይጎዳል። የጥርሶቹ ዘንግ በሚሽከረከርበት የድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ ቀጭን ቀለበት ሠርቶ መታየት አለበት እንጂ ዙሪያውን ማራስ የለበትም። ምቱን የሚቆጣጠረውን ቀጭን ጥቅልል፣ ፀጉር ሞላውን፣ ጭራሽ ዘይት አይነካውም። ከነካው ጥቅልሎቹ ይጣበቁና ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ ይቀድማል። ማግኔት የነካው ሰዓትም ያንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ኮምፓስ ተጠግቶት መርፌው ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የዘይት ላይሆን ይችላል።

ሰማያዊ ቆጣሪዎች የድሮ ሰዓት ጌጥ ናቸው፤ ማጭበርበርም የሚበዛው እነሱ ላይ ነው። እውነተኛው ሰማያዊ የተቀባ ቀለም አይደለም። የተወለወለ ብረት በናስ ብናኝ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ መልክ ይይዛል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ቀጥሎም ሐምራዊ ይሆናል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሰማያዊው ይመጣል። ጥቂት ካለፈው ወደ ግራጫ ይሸሻል፣ ሥራውም እንደገና ከመወልወል ይጀመራል። እንዲህ የተሠራ ቆጣሪ በአንድ በኩል ጥቁር መስሎ ይቆይና ብርሃን ሲያገኘው ይፈካል። የተቀባው ከየትም ቢያዩት ያው ነው። የሰዓቱና የደቂቃው ቆጣሪ ሰማያዊነታቸው ከተለያየ ደግሞ ሠሪው ችኩል ነበር ማለት ነው።

ቁጥርም ያታልላል። ሻጭ ብዙ ጊዜ የታይምግራፈር ፎቶ ያቀርባል፤ ይህ መሣሪያ የማሽኑን ምት በማይክሮፎን እየሰማ ሰዓቱ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ፣ ባላንስ የተባለው ተወዛዋዥ ክብም ስንት ዲግሪ እንደሚወዛወዝ ይጽፋል። የኤንኤች35 የፋብሪካ ልክ በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። ኮስክ የተባለው የስዊስ ክሮኖሜትር መርማሪ ተቋም ግን በ15 ቀን ፈተና፣ በአምስት አቀማመጥ ለክቶ፣ በአማካይ ከ4 መዘግየት እስከ 6 መቅደም ብቻ ይፈቅዳል። ፎቶው ላይ ከእነዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ሊፍት አንግል የሚባለው፣ በእጅ የሚሞላው ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ሲበሩ 52 ላይ ይቆማሉ፤ የ6497 ትክክለኛው ልክ 44 ነው። ቁጥሩ ሳይስተካከል ከተለካ፣ 230 ዲግሪ ብቻ የሚወዛወዝ የደከመ ባላንስ 270 ተጽፎለት ጤነኛ ይመስላል። በአንድ አቀማመጥ ብቻ የተነሣ ፎቶም ማስረጃ አይሆንም፤ ክንድ ላይ የዋለ ሰዓት በጀርባው ተኝቶ አይውልም።

እስካሁን ያለው መመዘኛ ጄኔቫም ጀሞም ያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ሰዓቱ የሀገሩን አቆጣጠር እንዴት ይዞታል? አንዱ ሠሪ ፊቱን በግዕዝ ቁጥር አሳትሞ ፲፪ን አናት ላይ ያደርጋል፣ ባለቤቱም በኢትዮጵያ ሰዓት ይሞላዋል። ሌላው ቁጥሮቹን አዙሮ ፮ን አናት ላይ ያስቀምጣል፤ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት እየሄደ ፊቱ በኢትዮጵያ ይነበባል። ሁለቱም ያስኬዳል። ጉዱ የሚወጣው ቀን ማሳያ ሲኖር ነው። የቀኑ ዲስክ በየ24 ሰዓቱ፣ ቆጣሪዎቹ አናት ላይ ሲገናኙ ይዞራል። በመጀመሪያው አሠራር ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል፣ ዙሩን ሳይጠብቁ ካስተካከሉት ደግሞ ምሽት 12 ላይ። በሁለተኛው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል።

ከዚያም ዲስኩ እስከ 31 ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው ቀኑን በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክላል፤ በኢትዮጵያ የሚሄድ ግን 13 ጊዜ፣ አንድም ወር ሳይቀር። የግዕዝ ቁጥር አስውቦ ቀን ማሳያ የጨመረ ሠሪ ይህን አላሰበበትም። ያሰበበት ቀኑን ጨርሶ ይተወዋል። ይህ ጉድለት ቤተ መንግሥትም ገብቶ ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ 2497 ባለ ዘላለማዊ ካሌንደር ነው፤ የፌብሩዋሪን 28 እና 29 ቀን ሳይቀር ራሱ ይለያል፣ ጳጉሜን ግን አያውቃትም። ክሪስቲስ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ሊያጫርተው ካቀረበው በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ከጨረታው አውጥቶታል።

የፊቱ ኅትመት በማጉያ ይታይ። የግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች መስመር አለው፤ መጠኑ ሲያንስ ቀለሙ መስመሩን ከአካሉ ጋር ያያይዘዋል። ፮ እና ፯ ካልተለዩ ፊቱ ይመለስ።

ሆን ብሎ ማስረጀትም ፋሽን ሆኗል፤ ጨለማ ውስጥ የሚያበራውን ቅብ የሻይ መልክ ይሰጡታል። እውነተኛ እርጅና እኩል አይወርድም፤ ፀሐይና እርጥበት ያገኘው ቦታ ይብሳል። ሁሉም ቁጥር እኩል ከጠቆረ የፋብሪካ እርጅና ነው። ከእውነተኛ አሮጌ ሰዓት ቅብ መፋቅ ደግሞ አደገኛ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ብዙ ፊቶች በራዲየም ይቀቡ ነበር፤ ቅቡ ማብራቱን ቢያቆምም የራዲየሙ ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ ጨረሩ አሁንም አለ፣ ብናኙም ወደ ሳንባ ይገባል።

ሙያውን ለመጀመር ላሰበ አንባቢ አንድ ልመና አለ። ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የአባት ሴኮ ፋይቭ አይጠፋም፤ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ ወርቁን ሲወስድ የውድድሩን ጊዜ የለካው ኩባንያ ሥራ ነው። እሱን መለማመጃ አታድርጉት። ከቻይናው 6497 አንዱን ገዝታችሁ ፍቱት፣ ግጠሙት፣ ደግሞ ፍቱት፤ አንድ ብሎን ሳይጫር፣ በአምስቱም አቀማመጥ ተቀራራቢ እስኪሄድ ድረስ የአባታችሁ ሰዓት መሳቢያው ውስጥ ይቆይ።