በሥዕል ግርጌ ያለ ቦታ

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ፥ በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል። ቤተ ክርስቲያኑን በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ በትረ ማርያም እንደ መሠረቱት በትውፊት ይነገራል፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች ግን አብዛኞቹ የኋላ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

የዚህን ሥዕል ዋጋ ለማወቅ በኢጣልያ አገር፥ በራቬና ከተማ ካለው ከቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። ይህ ቤተ ክርስቲያን በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ547 ዓመት የተቀደሰ ሲሆን፥ የታወቀውም ጥቃቅን የመስተዋትና የድንጋይ ጠጠር በመገጣጠም በሚሠራው፥ ሞዛይክ በሚባለው ሥዕል ነው። የወርቅ ቅጠል ያለበት መስተዋት ብርሃን ሲነካው ሕያው ይመስላል፤ ቀለሙም እስከ ዛሬ አልደበዘዘም። የኡራ ሥዕል ግን በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈ ስለ ሆነ፥ ርጥበትና ጢስ ይጎዳዋል። በጽናት ቢመዘን የራቬናው ይበልጣል፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጽናት ብቻ አይመዘንም።

በቅዱስ ቪታሊስ፥ ከመሠዊያው አጠገብ፥ በአፄ ካሌብ ዘመን በቢዛንጥያ የነገሠው ዮስቲንያኖስ ጻሕል፥ ንግሥቲቱ ቴዎዶራ ጽዋ ይዘው፥ በራሳቸውም ዙሪያ አክሊለ ብርሃን ተሥሎላቸው ይታያሉ። መባ ማቅረባቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ግርማቸው ዓይንን ስለሚስብ፥ ከመባው ይልቅ አቅራቢው ጐልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሥዕሉን ያሣለው ሰው፥ መኰንንም ቢሆን ባለጸጋም ቢሆን፥ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግምባሩ ተደፍቶ ይሣላል።

ከዚህም በቀር በአገሩ የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ ስለሚታይ፥ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ማን ወዴት እንደ ቆመ ያውቃል። የኡራ ሥዕል ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ታሪኩ ተደራርቦ ስለ ተሣለ፥ የሚመራው ካህን ያላገኘ እንግዳ መነሻውን አያገኝም።

ዛሬ አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ በሲሚንቶ አዲስ ሲታነጽ፥ በአንዳንድ ስፍራ የሰጪው ስም በትልልቅ ፊደል ከሥዕሉ ጐን ይጻፋል። ስጦታው የሚመሰገን ነው፤ ስሙ ግን ከቅዱሱ ጋራ ሲተካከል የአባቶች ትምህርት ይፈርሳል። መንገደኛው ወደ ደምበጫ ተመልሶ ለደብሩ ሥዕል ሊያሥል ቢያስብ፥ የቀለምን ጽናት ከራቬና፥ የራሱን ቦታ ግን ከአባቶቹ ይማር፤ ቦታውም ከሥዕሉ ግርጌ ነው።