በዓይንና በትከሻ መካከል፦ የዶሮቲ አርዝነር ፊልም ከግራና ዳስ ሲታይ

አር ኬ ኦ የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ለትርኢት ያቀረበው «ዳንስ ገርል ዳንስ»፣ በዚያ ዘመን በሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች ዘንድ ብቸኛዋ ሴት አዘጋጅ በነበረችው በዶሮቲ አርዝነር እጅ ተሠርቶ፣ በወጣበት ወራት ገበያ አጥቶ ከተጣለ በኋላ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይተው የተነሡ ሴቶች ሐያስያን ከመረሳት ያወጡት ፊልም ነው። የእነርሱን ሐተታ መድገም አያሻም፤ በወሎ ግራና በሠርግ ጭብጨባ ያደገ ሰው ግን በዚህ ፊልም ውስጥ እነርሱ ያላተኮሩበትን አንድ ነገር ያያል።

ሞሪን ኦሃራ የሆነቻት ጁዲ ባሌን እንደ ሥርዓተ ጸሎት የያዘች ናት፤ ሉሲል ቦል የሆነቻት ባብልስ ደግሞ ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ ጠንቅቃ ታውቃለች። መምህርታቸው ባሲሎቫ ጁዲን ለፈተና ስትወስዳት በመኪና ተገጭታ ትሞታለች። ባብልስ ቡርሌስክ በተባለው የወንዶች መዝናኛ መድረክ ስሟ ሲገን ጁዲን ትቀጥራታለች፤ ጥበቧን ወድዳ ሳይሆን፣ ወንዶቹ በባሌው ተሰላችተው «ባብልስ ትምጣ» እያሉ እንዲጮኹ ነው። አንድ ምሽት የጁዲ ልብስ ማንገቻ ይበጠሳል። ፉጨቱና ሣቁ ሲበረታ፣ ጭፈራውን አቁማ ወደ መድረኩ ጠርዝ ትመጣለች፤ እጆቿን አጣምራ፣ ከፍለው ሊያዩዋት የመጡትን እርሷ እንዴት እንደምታያቸው በዝግታ ትነግራቸዋለች። የፊልሙ ልብ ይህ ነው፤ ያለዚህ ትዕይንት መካከለኛ ሥራ ሆኖ በቀረ ነበር።

በአንጻሩ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድነት በሚታደምበት የግራና ዳስ፣ ክብ ሠርቶ የቆመው ሕዝብ ከቶ ተመልካች አይባልም፤ አጨብጫቢው የጭፈራውን ፍጥነት በመዳፉ ይመራል፣ ተቀባዩ የአውጪዋን ዜማ ይመልሳል፣ ሁለት ሰዎችም ወደ መካከል ገብተው፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠው፣ አንገታቸውን እየሰበቁ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እስክስታ ሲወርዱ፣ ቀድሞ የደከመው በእልልታ ተሸኝቶ ወደ ጭብጨባው ይመለሳል፤ ጥቂት ቀደም ሲል የታየው አሁን ያያል። ክቡን ገነት አድርጎ ማቅረብ ግን ግብዝነት ነው፤ ለልጁ ሚስት የሚያጭ አባት የልጃገረዲቱን ጠባይ ከትከሻዋ አነባለሁ ብሎ የሚቆመው እዚያው ነው፤ የማግስቱም ሐሜት በፊልሙ ውስጥ ካሉት የኒውዮርክ ወንዶች ፉጨት ይብሳል።

ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ኋላም ደሴ ላይ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት ከተነሣ በኋላ፣ ክቡ በአንድ ወገን ተከፍቶ ረድፍ ሆነ፤ ጨፋሪዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸውን ትተው ፊታቸውን በጨለማ ወደ ተቀመጠው ሕዝብ አዞሩ። ተወዛዋዥነት ሙያ ሲሆን አዝማሪው የተሸከመው ንቀት አብሮ ተወረሰ፤ መድረክ ላይ ያደነቃትን ልጅ ለወንድ ልጁ ለማጨት የሚያቅማማ ወላጅ ብዙ ነበር። የጁዲ ቁጣ ለእኛ እንግዳ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከአርዝነር ጋር አልስማማም። ፊልሙ ባሌን ከፍ፣ ቡርሌስክን ዝቅ አድርጎ ሲያሰልፍ፣ የካህናቱ ሽብሸባ በጸናጽልና በመቋሚያ ከማኅሌት ሲታይ ቅዱስ፣ የገበሬው እስክስታ ግን ዓለማዊ እየተባለ በተመዘነበት ሚዛን ይመዝናል። በሥጋዋ የምትነግደው ባብልስ ግን የተመልካቹን ፈቃድ አውቃ ታዝዘዋለች እንጂ አታመልከውም፤ የሉሲል ቦል አጨዋወትም ሚዛኑን ደጋግሞ ይገለብጠዋል። ይባስ ብሎ በመጨረሻ ጁዲን የሚያድናት ስቲቭ አዳምስ የተባለው የባሌ ጓድ አለቃ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ወንዶችን ያሳፈረች ሴት በአንድ ወንድ ትከሻ ላይ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ችሎታዋም በእርሱ ብያኔ ይጸናል። በዚያ አዳራሽ ከንግግሯ በኋላ መጀመሪያ ተነሥታ ያጨበጨበችላት የአዳምስ ጸሐፊ ነበረች፤ የክቡን ሥርዓት ያወቀችው እርሷ ሆና ሳለ፣ ፊልሙ ብያኔውን ለአዳምስ ይሰጣል።