ስግብግብ ስለሚባለው ቃል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የእህል ዋጋ በተወደደ ቁጥር «ስግብግብ ነጋዴዎች» ሲባል በራዲዮ ሳትሰማ አትቀርም። ሁለቱ ቃላት እጅግ ከመጣበቃቸው የተነሣ ነጋዴ ያልሆነ ሰው ስግብግብ ሊባል የማይችል ይመስላል። እኔ ግን በዚህ አነጋገር ቃሉ ተበድሏል ባይ ነኝ።

የቃሉ መኖሪያ ከገበያ ይልቅ ገበታ ነው። ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ያፉን ሳይውጥ የሚጠቀልል፣ በፊቱ ያለውን ትቶ እጁን ወደ ባልንጀራው ፊት የሚሰድ፣ እርሱ ነው ስግብግብ። ቃሉን ስትጠራው እንኳ በውስጡ «ግብግብ» ይሰማል። ብዙ መብላት ለብቻው ሆዳም ቢያሰኝ ነው፤ ስግብግብ የሚያሰኘው አብሮ የተቀመጠውን እንደሌለ መቁጠር ነው።

ስስታም ደግሞ ሌላ ነው። ስግብግብ የሰውን ይሻማል፤ ስስታም የራሱን መስጠት ይጨንቀዋል። ስስት ከግዕዙ ሥሥዕት ወርዶ ባማርኛ የፍቅር ትርጉም ጨምሯል፤ እናት ልጅዋን በስስት ዓይን ብታይ የሚነቅፋት የለም። ስግብግብነት ግን እንዲህ ያለ መልካም ጎን አላገኘም። (ቆጥቦ የሚማረውን ጓደኛችሁን ስስታም የምትሉ ተማሪዎችም ይህን ስም ያለ ቦታው እያዋላችሁት ነው።)

«አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» የሚለው ተረት አያረካኝም። ቅጣቱን በራሱ በበላተኛው ሆድ ላይ ጥሎ ያጽናናናል። ብዙ ጊዜ ግን አልጠግብ ባዩ ደኅና አድሮ ይነሣል፤ ጦሙን የሚያድረው ከትሪው ማዶ ያለው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል እንደ ነበረ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ጠቅሰዋል። እህሉ የሄደበትንም ምክንያት ሲያስረዱ፣ ከነጋዴው ጠባይ ይልቅ የወሎ ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ማጣቱን ያሳያሉ። ነገሩን «ስግብግብ ነጋዴ» ብለን ብንዘጋው ያ ባዶ ኪስ ከዓይናችን ይሰወራል። ከጭሰኛው አዝመራ ድርሻውን ይቀበል የነበረው ባለመሬትም ነጋዴ አልነበረም፤ እጁ ግን ከዚያው ትሪ ነበረ።